ገምጋሚው ያላመነበት ነገር

ፕሮፖዛላችሁ ውድቅ ሆኖ ሲመለስ ደብዳቤውን አጥፋችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ገምጋሚው ምኑን አላመነበትም? ቀጣዩ ሙከራችሁ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

የኪዮቶውን ሱሱሙ ኪታጋዋን እዩ። የብረታ ብረት አዮኖችን ከካርቦናማ ሞለኪውሎች ጋር እያያያዘ ባለቀዳዳ ክሪስታል መሥራት ሲጀምር፣ ጥቅሙ አልታይ ብሎ የበጀት ጥያቄው ተመልሶበታል። በ1997 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ውሃው የወጣለት ክሪስታል ሚቴን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሲቀበል ቅርጹ እንደማይፈርስ አሳየ። ይህንንማ ዜኦላይት ይሠራው የለም ወይ ተባለ፤ በልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ የሚገባው ማለት ነው። በዓመቱ ዜኦላይት ግትር መሆኑን፣ የእሱ ክሪስታል ዓይነት ግን ሊለጠጥና ሊኮማተር እንደሚችል ጽፎ መለሰ። ባዶውን አይቆምም ለሚሉ ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ኦማር ያጊ በ1999 ሞፍ-5 የተባለ የዚሁ ዓይነት ክሪስታል አቀረበ፤ ባዶውን 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆም አልፈረሰም።

ኮርስ በዝቶብኝ ምርምር አልቻልኩም የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም ብዬዋለሁ። ግን የሜልበርኑ ሪቻርድ ሮብሰን ሐሳቡን ያገኘው በ1974 ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ሞዴል ሲያዘጋጅ ነው። የእንጨት ኳሶቹን ለወርክሾፕ ሰጥቶ ሊያስበሳ፣ ቀዳዳው የት የት እንደሚሆን ሲያሰላ፣ ቀዳዳዎቹ በትክክል ከተበሱ ሞዴሉ ራሱ ትክክለኛውን ቅርጽ እንደሚይዝ አየ። በአቶም ፈንታ ሞለኪውሎችን እንዲህ ብናገጣጥምስ? ወረቀቱ የወጣው በ1989 ነው። የኬሚስትሪውን ኖቤል ሦስቱ የተካፈሉት ደግሞ በ2025።

ለረዳት ፕሮፌሰርነት የሚጠብቅ ሰው ግን 15 ዓመት መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሐሳቡን ቀን ጽፋችሁ ደብተር ላይ አስፍሩት፤ ጎን ለጎን በዓመት በሁለት ዓመት ወረቀት የሚወጣበት ሌላ ሥራ ያዙ። አንዱን ብቻ የያዘ ወይ ይራባል ወይ ይሰለቻል።

እናንተም ባለቀዳዳ ክሪስታል የምትሠሩ ከሆነና የገጽ ስፋቱን የሚለካ መሣሪያ በቅርባችሁ ከሌለ ናሙና የሚለካላችሁ ላብ ፈልጉ። ከመላካችሁ በፊት ስንት ሚሊግራም እንደሚፈልጉና በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት በቫኪዩም እንደሚያደርቁ ጠይቁ። ቀዳዳው ውስጥ አሟሚ ፈሳሽ ከቀረ መሣሪያው ናይትሮጅን አልገባም ይላል፤ ያኔ ደህናውን ክሪስታል በገዛ እጃችሁ ትጥሉታላችሁ።