እያንዳንዱ የሚያመጣው አለው
የወጣቶች ጥናት፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥26-40 አስቀድሞ ይነበብ



ለአምልኮ ስንሰበሰብ ከቤታችን ምን ይዘን እንመጣለን? ብዙዎቻችን «መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር ደብተር» ብለን እንመልስ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን እ.ኤ.አ. በ55 ዓ.ም. ገደማ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጉባኤ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ትምህርት፣ ሌላውም ከጌታ የተገለጠለትን ይዞ ይመጣ ነበር። ባዶ እጁን መጥቶ፣ አዳምጦ ብቻ ስለሚመለስ ሰው ጳውሎስ በዚህ ክፍል አያነሣም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ለአምልኮ ብቻ የተሠራ ሕንፃ አልነበራቸውም። ጵርስቅላና አቂላ ቤታቸውን ለጉባኤ ከፍተው ነበር (ሮሜ 16፥3-5)፤ ፊልሞናም እንዲሁ (ፊልሞና ቁ. 2)። በዛሬዋ ሶርያ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዱራ ኤውሮፖስ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ አንድ ቤት አለ። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ክርስቲያኖች በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ አፍርሰው መሰብሰቢያ አድርገውታል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ሰው ከሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ያዘነው ይታያል፤ የቀረውም ወዲያው ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ112 ዓ.ም. ገደማ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜን የሮም አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ ገልጧል። እውነቱን ለማወቅ ብሎም በጉባኤው ያገለግሉ የነበሩ ሁለት ሴት ባሮችን አሠቃይቶ መርምሯል። ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን ባሪያ፣ ይልቁንም ሴት ባሪያ፣ በሸንጎ የሚሰማት አልነበረም። በምእመናን መካከል ግን የታወቀ አገልግሎት ነበራት።

እንግዲህ ሁሉም የሚሳተፍበት አምልኮ ሥርዓት የለውም ማለት ነውን? አይደለም። የቆሮንቶስ ሰዎች ችግር ይኸው ነበር። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይናገራል፤ በማዕድም አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል (1ኛ ቆሮ. 11፥21)። ይሁን እንጂ ጳውሎስ «ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ሌላው ዝም ይበል» ብሎ አልዘጋባቸውም። ተራ እንዲጠብቁ፣ የሚናገሩት ሁለት ወይም ሦስት እንዲሆኑ፣ ሌሎቹ እንዲመረምሩ፣ ለተቀመጠው አንዳች ነገር ሲገለጥለት ተናጋሪው ስፍራ እንዲለቅለት አዘዘ። መለኪያውም አንድ ነው፤ ይህ ነገር ወንድሜን ያንጸዋልን?

አንዳንዶች «ታዲያ ሰባኪና መዘምራን ለምን ያስፈልጋሉ?» ይሉ ይሆናል። ኤፌሶን 4፥11-12 መልስ ይሰጣል። አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳንን ለአገልግሎት እንዲያዘጋጁ ነው። ጥሩ አስተማሪ ሌሎችን ለሥራ ያበቃል እንጂ ሥራውን ሁሉ ለብቻው አይዝም።

የዚህን ጥቅም በአገራችን አይተነዋል። በደርግ ዘመን፣ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፤ ከመሪዎቿ አንዳንዶቹ ለዓመታት ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። አደባባዩ ቢዘጋባቸውም በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ በስውር ተሰበሰቡ። መድረክ የለም፤ የድምፅ ማጉያ የለም። በየቤቱ ያለው ጉባኤ በዚያው በተሰበሰቡት ሰዎች አገልግሎት መቆም ነበረበት። ከመሪዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በግልጥ መሰብሰብ ሲቻል የአባላቱ ቁጥር ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ማዳመጥ ብቻ የለመደ ጉባኤ በሩ ሲዘጋበት ምን ይውጠው ነበር?

ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። በትንሽ ኅብረታችን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሁሉን ከሠሩ፣ እነርሱ ይደክማሉ፤ ሌሎቻችንም ሳንጠነክር እንቀራለን። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንለማመድ።

1ኛ. ከቤት እንዘጋጅ። በሳምንቱ ካነበብነው አንድ ክፍል፣ አንድ የጸሎት ርእስ ወይም እግዚአብሔር ያደረገልንን አንድ ነገር ይዘን እንምጣ። መዘጋጀት መንፈስ ቅዱስን አይከለክልም።

2ኛ. እናሳጥር። አሥር ሰዎች ባሉበት አንዱ ሩብ ሰዓት ከጸለየ፣ ዘጠኙ ተመልሰው አድማጮች ይሆናሉ።

3ኛ. ለዝምተኛው መንገድ እንክፈት። ዓይን አፋሩን በድንገት «አንተ ጸልይ» ብለን አናስደንግጠው። በሚመጣው እሑድ ምንባቡን እንዲያነብ አስቀድመን እንንገረው፤ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

4ኛ. የማይናገሩትንም አገልግሎቶች እናክብር። ወንበር የሚደረድር፣ ቡና የምታፈላ፣ የቀረውን ሰው ሄዶ የሚጠይቅ፣ እነዚህ ሁሉ ለጉባኤው ይዘው የመጡት አላቸው (ሮሜ 12፥6-8)።

ለውይይት፦
ሀ. ባለፈው ወር በኅብረታችን ድምፁን ያልሰማነው ማን ነው? ለምን ይመስላችኋል?
ለ. 1ኛ ቆሮንቶስ 14 ከሚያዝዛቸው ሥርዓቶች በእኛ ዘንድ የጎደለው የትኛው ነው?
ሐ. ነገ ጸሎት ቤታችን ቢዘጋ፣ በቤትህ ወይም በቤትሽ አምስት ሰዎችን ሰብስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ለሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችን አንድ ነገር ይዘን እንድንመጣ ጌታ ይርዳን። አሜን።