ሜጀር ስኬልና የትዝታ ቅኝት

በመዘምራን ልምምድ ላይ አንዳንዴ «ኪቦርዱ ዜማውን ለወጠው» እንባባላለን። ምክንያቱን ለማወቅ ከሜጀር ስኬል መነሣት ይገባል።

ሜጀር ስኬል ሰባት ድምፆች አሉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። ስምንተኛው ተመልሶ ዶ ነው። ከሚ እስከ ፋና ከሲ እስከ ዶ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ ሙሉ ድምፅ ነው። ኮርድ የሚሠራው ከአንዱ ድምፅ ተነሥቶ አንድ አንድ እየዘለሉ ሁለት በመጨመር ነው። ዶ-ሚ-ሶል፣ ፋ-ላ-ዶና ሶል-ሲ-ሬ ሜጀር ናቸው፤ ከሬ፣ ከሚና ከላ የሚነሡት ማይነር፣ ከሲ የሚነሣው ዲሚኒሽድ ይባላሉ። ሦስቱን ሜጀሮች የያዘ ጊታር ተጫዋች መዝሙር ሁሉ በእጁ የገባ ይመስለዋል።

ትዝታ ሜጀር ግን አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ክራሩን በዚህ የቃኘ ሰው ፋንና ሲን በክሮቹ ላይ ቢፈልግ አያገኛቸውም። ስለዚህ ከቅኝቱ ሳይወጡ የሚሠሩት ኮርዶች ሁለት ብቻ ይሆናሉ፤ ዶ-ሚ-ሶልና ላ-ዶ-ሚ። የፋ ኮርድ መሠረቱን፣ የሶል ኮርድ መካከለኛ ድምፁን ከውጭ ያመጣል። ይህ ክልክል አይደለም፤ ሆኖም ሲ ወደ ዶ አጥብቆ ስለሚስብ ዜማው የፈረንጅ መዝሙር ጠባይ ይይዛል።

እንግዲህ ኪቦርድ የምትጫወቱ፣ በሶል ኮርድ ላይ ሲን ትታችሁ ሶልና ሬን ብቻ ምቱ፤ በፋ ፋንታም የላን ኮርድ ሞክሩ። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው አሰላለፍ ስላላቸው ይህን እንዳለ በእነርሱ ላይ አታውሉት።