የቢላዋ እጀታና የቀንድ ጠባይ

በደጃዝማች ውቤ ስም በሚጠራው በውቤ በረሃም ሆነ በሌላው የአራዳ ሰፈር ቁርጥ የቀረበለት ሰው ስለ ቢላዋው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቆርጣል ወይስ አይቆርጥም? እጀታውን ልብ የሚል ብዙም የለም። ቢላዋ ግን በስለቱ ብቻ ሳይሆን በእጀታውም ይከዳል፤ እጀታው የላላ ቢላዋ እጅ ውስጥ ዞሮ ጣት ያስቆርጣል። ዛሬ ፕላስቲክ ቢበዛም ለረጅም ዘመን የጩቤ፣ የካራና የጎራዴ እጀታ ከእንጨትና ከቀንድ ሲሠራ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የቀንድ እጀታ እንዴት እንደሚገጠምና አገጣጠሙ ለምን እንደሚለያይ እንመለከታለን።

ለመሆኑ ቀንድ ስንል ምን ማለታችን ነው? በአውሮፓና በአሜሪካ የታወቀው የቢላዋ እጀታ «ከአጋዘን ቀንድ» የተሠራ ነው ሲባል እንሰማለን። እዚህ ላይ ቃሉ ያሳስተናል። እኛ በአማርኛ አጋዘን የምንለው እንስሳ የላምና የፍየል ዘመድ ነው። የፈረንጆቹ አጋዘን ግን የሌላ ቤተሰብ እንስሳ ሲሆን፣ ከአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል፤ ሁለመናውም አጥንት ነው። የእኛ አጋዘንና የበሬ ቀንድ ግን አይረግፍም። ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ደግሞ ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠራ ሽፋን ነው። አጥንቱ ሲወጣ ሽፋኑ ባዶ ቱቦ ይሆናል። ዋንጫ የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ድፍን ሆኖ የሚቀረው ጫፉ ብቻ ነው። ለመለየት እንዲመቸን የፊተኛውን የአጥንት ቀንድ፣ የኋለኛውን የኬራቲን ቀንድ እንበላቸው።

ስለትን ከእጀታ ጋር ለማያያዝ በዓለም ዙሪያ ሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ይሠራሉ። በአንደኛው የስለቱ ብረት ወደ ኋላ እየቀጠነ ጭራ ያበጅና እጀታው ውስጥ ይቀበራል። በሁለተኛው ብረቱ ሳይቀጥን እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቅና ግራና ቀኙ ሁለት ልጣፍ ተደርጎበት በምስማር ይያዛል።

የአጥንት ቀንድ ለሁለቱም ይመቻል። መሐሉ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ፣ ዙሪያው ጠንካራ ስለሆነ ጭራው በመሐሉ ገብቶ ክፍተቱ በሙጫ ይሞላል። ከእግር አጥንት ያነሰ ማዕድን ስላለው በቀላሉ አይሰበርም፤ ሸካራ ገጹም እጅ አያንሸራትትም።

ኬራቲን ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ በሙቀት ይለሰልሳል። ባለሙያው ድፍኑን የቀንድ ጫፍ ወስዶ ቀዳዳ ካበጀለት በኋላ የጋለ ጭራ ቢያስገባበት፣ ቀንዱ ለስልሶ የብረቱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝም አጥብቆ ይቆልፈዋል። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ግን ቀንዱ ያርራል፤ ያረረውም ተሰባሪ ይሆናል። ከባዶው ክፍል ልጣፍ ለማውጣት ደግሞ ቀንዱ ይሰነጠቃል፣ በፈላ ውኃ ይለሰልሳል፣ ተጭኖም እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኬራቲን የቀድሞ ቅርጹን አይረሳም። ቢላዋው በፈላ ውኃ በታጠበ ቁጥር ልጣፉ ወደ ጥንት ጉብጠቱ መመለስ ይፈልጋል፤ ከብረቱም ይላቀቃል። በስንጥቁ ደም፣ ስብና ውኃ ይገባል። ለሥጋ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ የተደበቀውን እድፍ ሳሙና አይደርስበትም፣ ለባክቴሪያም ምቹ ቦታ ነው። ብረቱ ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እጀታውን ከውስጥ ይገፋዋል። በተጨማሪም ቀንድ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረት ግን አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ የምስማሩ ቀዳዳ እጅግ ከጠበበ ልጣፉ ከምስማሩ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ጎራዴ ሠሪዎች ይህን ሁሉ ችግር ያለፉት አንዳንዴ በአውራሪስ ቀንድ ነበር። የአውራሪስ ቀንድ ኬራቲን ቢሆንም ውስጡ አጥንት ስለሌለው ድፍን ነው። ስለዚህ እንደ እንጨት ይጠረባል፤ ጭራውም ከዳር እስከ ዳር አልፎ በጫፉ ላይ በብረት ቆብ ተቀጥቅጦ ይታሰራል። እንደ አገጣጠም ከሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለናል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እንስሳው ነው። የየመን ጃምቢያ የተባለው ጩቤም እጀታው ከዚሁ ቀንድ ሲሠራ ለአውራሪስ መታደን አንዱ ምክንያት ሆኗል። ሳይተስ የተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1977 የአውራሪስን ዓለም አቀፍ ንግድ የከለከለ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

የሁለቱን ቀንዶች ልዩነት በቤተ ሙከራ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ወጪ የለበትም። የአጥንት ቀንድ በአገራችን ስለማይገኝ ከሥጋ ቤት የተገኘ ቀጭን አጥንት ይተካዋል። አጥንቱንና ከበሬ ቀንድ የተፋቀ ስስ ቁራጭ በየብርጭቆው ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ጥቂት ቀናት ማቆየት ነው። አሲዱ የአጥንቱን ካልሲየም ስለሚያሟሟው የሚቀረው ኮላጅን በጣት ይተጣጠፋል፤ ቀንዱ ግን የሚያጣው ማዕድን ስለሌለው እንዲህ ያለ ለውጥ አያሳይም። ከቀንዱ ፍቅፋቂ ጥቂቱን በእሳት ብንነካው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሙከራው ግን በፍቅፋቂ እንጂ ከአያት በተወረሰ ጎራዴ ላይ አይደረግም።