ከርክክቡ በፊት ያለው ፈተና

በልጅነቴ ከላላ ውስጥ ያየኋቸው ደረሶች ከወላጅ ቢርቁም ከሥራ አልራቁም። ሉሁን የያዘው ልጅ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በክረምት የሸኹን ማሳ ያርማል። ከሸኹ ዘንድ ሲሰናበት ራሱን ማሳደር ያውቅበታል።

ከተማ ያገኘሁት አንድ ወንድም ግን ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው ፍራሽና ጥቂት ብር ይዞ ወጣ። ደወል ሲደወል መብላት እንጂ ሽንኩርት መግዛት አያውቅም ነበርና ብሩ በሁለት ሳምንት አለቀ። (ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ እኔ አልሳቅሁም።)

በ1992 ዓ.ም የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ለአካለ መጠን የደረሰ ይለዋል። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 6 ግን ዕድሜ ብቻውን አልበቃም። አላህ (ሱ.ወ.) የቲሞች ለጋብቻ እስኪደርሱ እንዲፈተኑ፣ ሩሽድ፣ ማለትም ቀና ማስተዋል ሲታይባቸው ገንዘባቸው በምስክር ፊት እንዲሰጣቸው አዟል። ፈተናው ከርክክቡ ይቀድማል ማለት ነው። የሻፊዒይ ፊቅህ ሊቃውንት ፈተናውን በሥራ አደረጉት፦ የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ የገበሬ ልጅ በእርሻና በሠራተኛ ወጪ።

እንግዲህ ማሳደጊያ የምትረዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁ ገና በ15 ዓመቱ የሳምንቱን አስቤዛ እሱ ይግዛ። መርካቶ ቢያታልሉትም ማታ የሚመለስበት ቤት ገና አለው።