ጓንዡ ላይ አንድ ነጻ ቀን ለተረፈው ነጋዴ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ መዳረሻውም ሻንጋይ ነበር። ዛሬ ግን ለቦሌና ለገርጂ ነጋዴ ቻይና ማለት በአብዛኛው ጓንዡ ናት። ጨርቁን፣ የመብራት ዕቃውን፣ ከጎረቤቷ ከፎሻን ደግሞ ሴራሚኩንና ሶፋውን የሚያመጣ ሰው የጅምላ ገበያዎቹን፣ የካርጎ ቢሮውን፣ ሻኦቤይ ሰፈር የሚያርፍበትን ሆቴል አብጠርጥሮ ያውቃል። ከ2,200 ዓመት በላይ ያስቆጠረችውን ከተማ ራሷን ግን ከታክሲ መስኮት ውጪ ያላያት ብዙ ነው። አንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር መዋል ይህን ያቃልላል፤ አስጎብኚው በምን እንደሚተዳደር ለሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እንምረጥ። ከ1957 ጀምሮ በጓንዡ የሚካሄደው የካንቶን ፌር የንግድ ትርዒት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ኤፕሪል 15 እና ኦክቶበር 15 ይከፈታል። እያንዳንዱ ሦስት ዙር አለው። አንዱ ዙር አምስት ቀን ይቆይና ዕቃ ለመቀያየር ሦስት ቀን ይዘጋል። ለጉብኝት የሚመቹት እነዚያ ሦስት ቀናት ናቸው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንትና በሜይ 1 ሰሞን ግን ቻይናውያኑ ራሳቸው አገራቸውን ለማየት ስለሚወጡ ወረፋው አይቻልም። የገባችሁበት ማግስትም አይመከርም። ቻይና በአምስት ሰዓት ትቀድመናለችና፣ አስጎብኚው ጠዋት ሆቴል በር ላይ ሲቆም ቦሌ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሰውነታችሁም የሚቆጥረው የቦሌን ሰዓት ነው። በዚህ ላይ የራሳችን አቆጣጠር አለ። እሱ «8:30» ብሎ ሲጽፍ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው። በቃል ከተነጋገራችሁ አንዱ ቆሞ ሌላው ተኝቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀጠሮውን በቁጥር አጽፉት።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው የግል ነው፤ መኪናውና አስጎብኚው ለእናንተ ብቻ ይሆናሉ፣ ክፍያው ለቀኑ ነው። ሁለተኛው የጋራ ነው፤ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር አውቶቡስ ትሳፈራላችሁ፣ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው። የጋራው መርከሱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ወጪው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ጥያቄ የሚያስነሳው ከተከፋፈለ በኋላም የመግቢያ ትኬቱን እንኳ የማይሸፍን ዋጋ ሲመጣ ነው። ናፍጣውን፣ ምሳውንና የአስጎብኚውን ደመወዝ ማን ከፈለ? ሻይ ቤቱ፣ የጄድ ጌጥ መደብሩ፣ የሐር ፋብሪካው። አውቶቡሱ እነዚህ ጋ ይቆማል፣ ማብራሪያ ይሰጣል፣ ሻይ ይቀዳል፤ ከምትገዙት ላይ ኮሚሽኑ ወደ አስጎብኚው ይመለሳል። እንዲህ ያለው አስጎብኚ ቤተ መቅደሱ ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ጌጥ ቤቱ ላይ አንድ ሰዓት ቢያቆማችሁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንጀራው ያለው ጌጥ ቤቱ ነው።

የቻይና መንግሥት ይህን ያውቃል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቱሪዝም ሕግ በአንቀጽ 35 አስጎብኚ ድርጅቶች ከአግባብ በታች በወረደ ዋጋ ሰው ሰብስበው በገበያና በተጨማሪ ክፍያ ኮሚሽን እንዳያገኙ ይከለክላል። ይህ የተጣሰበት ተጓዥ ጉዞው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን አስመልሶ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። አስጎብኚ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባና ጉርሻ መጠየቅ እንደማይፈቀድለትም ሕጉ ይናገራል። ግን ሕጉ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ሱቅ መግባትን አይከለክልም፤ ስምምነቱ ደግሞ ያላነበባችሁት ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ፦ ስንት ሱቅ እንደሚገባ፣ የትኞቹ ትኬቶች ዋጋው ውስጥ እንዳሉ፣ ቀኑ የትና በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ። ሱቅ የሌለበት ጉብኝት እንዳለ ቻይናዎቹ ያውቃሉ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ እኔ ግን ርካሹ እሱ ነው ባይ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከር የከረመ ነጋዴ በዕረፍት ቀኑም በጄድ ዋጋ ሊከራከር አይገባውም።

የጉብኝቱን ቅደም ተከተል የሚወስነው መንገዱ ነው። ጠዋት ከሰሜን፣ ከዩዌሹ ፓርክ መጀመር ይሻላል። መግቢያው ነጻ ነው፤ የከተማዋ ምልክት የሆኑት የአምስቱ በጎች ሐውልትም እዚያ ነው። አፈ ታሪኩ አምስት ሰማያውያን በበጎች ተቀምጠው መጥተው ለሕዝቡ የእህል ዛላ ሰጡ ይላል። ከፓርኩ ብዙ ሳይርቅ የሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ ነው የሚባል መቃብር አለ። በቻይና ሙስሊሞች ትውፊት ይህ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ እስልምናን ይዞ ወደዚያች ከተማ የመጣው በባሕር፣ ከሐበሻ ምድር ተነስቶ ነው። የታሪክ ሰዎች ትውፊቱን እንደ ማስረጃ አይቀበሉትም። ቢሆንም ከቦሌ ለሄደ ሰው እዚያ ቆሞ መስማቱ ሌላ ነገር ነው፤ አስጎብኚዎች ደግሞ ካልጠየቋቸው ወደዚያ አይወስዱም። በትውፊት ከእሱ ጋር የሚያያዘው የከተማዋ መስጊድ ኋይሸንግ ይባላል፤ 36 ሜትር የሚሆነው ሚናሬቱ «የብርሃን ማማ» የሚል ስም አለው።

ቀጥሎ የቼን ጎሳ አዳራሽ ነው፤ ትኬቱ 10 ዩዋን ብቻ። ቼን የተባለ የቤተሰብ ስም ያላቸው የ72 ወረዳ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አሠሩት፤ ያለቀው በ1894 ነው። ከገጠር ለመንግሥት ፈተናና ለፍርድ ክርክር የሚመጣ ወገናቸው ማረፊያ እንዳያጣ ነበር ዓላማው። አዲስ አበባ ላይ ያለ የተወላጆች ማኅበር ገንዘብ ቢተርፈው እንዲህ ያለ ነገር ይሠራ ነበር። ፈተናው በ1905 ሲቀር ሕንፃው ሌላ ሥራ ያዘ፤ አሁን የባሕላዊ ጥበብ ሙዚየም ነው። ቀና ብላችሁ የጣሪያውን ጫፍ እዩ፤ የቲያትር ሰዎች፣ እንስሳት፣ ቤቶች፣ ሁሉም ከሸክላ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰዓት ብትሰጡት ይገባዋል።

ከዚያ ሻምየን። ነጋዴ ሊዘለው የማይገባ ቦታ ቢኖር ይህች ደሴት ናት። ከ1757 ጀምሮ የቻይና ንጉሠ ነገሥት የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ በጓንዡ ብቻ ወሰነ። የውጭ ነጋዴ ከወንዙ ዳር ከተመደበለት ቁራጭ መሬት አይወጣም፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም ፈቃድ ባላቸው ጥቂት ቻይናውያን ነጋዴዎች በኩል ነበር። ዛሬ በኤጀንት የሚሠራ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የኦፒየም ጦርነቶች ያንን ሥርዓት ሰበሩት፤ ብሪታንያና ፈረንሳይም በ1861 ሻምየንን ተካፈሉ፣ አብዛኛውን ብሪታንያ ወሰደች። የባንክና የቆንስላ ሕንፃዎቻቸው አሁንም ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቆመዋል። ሻምየንን ካያችሁ በኋላ ወደ ምሥራቅ ስትሉ፣ ከ1863 እስከ 1888 በግራናይት ድንጋይ የተሠራው የካቶሊክ ካቴድራል አለ።

ለማታው የሚቀረው የካንቶን ማማ ነው፤ ቁመቱ 600 ሜትር ነው፣ በ2010 ተከፈተ። ከላይ ለመውጣት ከ100 ዩዋን በላይ ይከፈላል። ማታ መብራቱ ሲበራ ከወንዙ ማዶ በነጻ ማየቱ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ምሳውን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሙስሊም ከሆናችሁ «ቺንግጀን» የሚል ምልክት ያለበት ቤት ጠይቁ። ለጾመኛ «ሱ» የሚሉት የአትክልት ምግብ አለ፤ ግን እንቁላል ሊገባበት፣ በአሳማ ስብ ሊጠበስም ይችላልና ሁለቱንም በስማቸው ጠርታችሁ ከልክሉ። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፤ ብዙ ቦታ ትኬት የሚቆረጠው በስም ነው፣ ስማችሁንም ፊደል በፊደል ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ላኩ። ቴሌግራም እዚያ አይከፈትም፤ ከአስጎብኚው ጋር የምትገናኙት በዊቻት መተግበሪያ ስለሆነ ቦሌ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑት። የሆቴሉን አድራሻም በቻይንኛ ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ከተስማማችሁበት ሰዓት በላይ ለቆየ አስጎብኚ ተጨማሪ ይከፈላልና፣ ማማው ላይ ተሰናብታችሁት በታክሲ መመለሱ ሊረክስ ይችላል።