መጀመሪያ የመጨረሻዋን ኤሌክትሮን ጠይቂ

ደብተርሽን አየሁት፤ ጽሕፈትሽ ያምራል። ፔሪዮዲክ ቴብሉን ስለሽ፣ ቀስት ወደ ቀኝ፣ ቀስት ወደ ታች አድርገሽ፣ «ይጨምራል»፣ «ይቀንሳል» እያልሽ በቀይ እስክሪብቶ ሞልተሽዋል። ግን እህቴ፣ አቶሚክ ራዲየስ ሁለት ቀስት፣ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ሁለት፣ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ሁለት እያልሽ ስድስቱን ብትሸመድጃቸው ፈተና ላይ ይምታቱብሻል። ልብ ሲመታ መጀመሪያ የሚጠፋው ሽምደዳ ነው።

ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ኒውክለሱ የመጨረሻዋን ኤሌክትሮን ምን ያህል አጥብቆ ይዟታል? መልሱን የሚወስኑት የፕሮቶኖቹ ብዛት፣ የኤሌክትሮኗ ርቀትና በመሃል ያሉት የውስጥ ኤሌክትሮኖች ናቸው። የውስጦቹ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ወደ አጋሮ ስንሄድ መንገድ ዳር ያለውን የቡና ማሳ አስቢ። ዋንዛው ከላይ ሆኖ ፀሐዩን ስለሚቀበል ከሥሩ ላለው ቡና የሚደርሰው የተቀነሰ ብርሃን ነው። የኒውክለሱም ስበት እንዲሁ ተቀንሶ ነው ውጭ የሚደርሰው። በአንድ ፔሬድ ወደ ቀኝ ስትሄጂ ፕሮቶን ይጨመራል፣ የውስጡ ጥላ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ስበቱ ይጠነክራል፣ አቶሙ ይጠባል፣ ኤሌክትሮን መንጠቅ ይከብዳል። በግሩፕ ወደ ታች ስትወርጂ አዲስ ሼል ይጨመርና ኤሌክትሮኗ ትርቃለች፤ አያያዙም ይላላል። ስድስቱ ቀስቶችሽ ይኸው ናቸው።

በቁጥር እዪው። ከሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ በሞል 496 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ላለው ፖታሲየም 419 ይበቃል። ፖታሲየም ለእኛ ለቡና አገር ልጆች እንግዳ አይደለም፤ በቡና ፍሬ ውስጥ ካሉት ማዕድናት ትልቁን ድርሻ የያዘው እሱ ነው። ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ሆነው ነው የተደረደሩት። አሁን ፈታኞች ወደሚወዱት ቦታ እንምጣ። ማግኒዥየም 738 ሲሆን በቀኙ ያለው አሉሚኒየም 578 ነው፤ በቀስትሽ ከሄድሽ መጨመር ነበረበት። የአሉሚኒየም የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን ከፍ ባለው 3ፒ ውስጥ ስለገባችና 3ኤስ ያሉት ሁለቱ ስለሚከልሏት ነው በቀላሉ የምትወጣው። ቀስቱ ይሄን አይነግርሽም፤ ጥያቄው ግን ይነግርሻል።

ቦንዲንግ ላይ ደግሞ «ሶዲየም ኤሌክትሮን መስጠት ይወዳል» ብለሽ ጽፈሻል። አይወድም። 496 ኪሎ ጁል ካልተከፈለው አይሰጥም፤ ክሎሪን ኤሌክትሮኗን ሲቀበል የሚመልሰው ደግሞ 349 ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ኪሳራ ነው። ትርፉ የሚመጣው ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አዮን ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ ነው፤ ያኔ 787 ኪሎ ጁል ይወጣል። በገጠሩ ቡና ውስጥ የምትጨመረዋን ጨው ያቆማት ይሄ ሒሳብ ነው። ሶዲየም ለምን ሁለት ኤሌክትሮን አይሰጥም ብለው ቢጠይቁሽ፣ ሁለተኛዋ ከውስጠኛው ሼል ስለሆነች 4562 ኪሎ ጁል ትጠይቃለች በይ። ለሶዲየም ይሄን የሚከፍል ክሪስታል የለም።

ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሲፈልግ ስኳር በ186 አካባቢ ይቀልጣል። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ «ስለዚህ ኮቫለንት ቦንድ ደካማ ነው» ብሎ ይሳሳታል። ስኳሩ ሲቀልጥ የሚላላው በሞለኪውልና በሞለኪውል መካከል ያለው መሳሳብ እንጂ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ቦንድ አይደለም። የጀበናውም ነገር ይሄው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ሲፈላ የሚለያዩት በሃይድሮጅን ቦንድ የተያያዙት የውኃ ሞለኪውሎች ናቸው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ግን እንደተያያዙ በእንፋሎቱ ይወጣሉ። በዚህ ጥያቄ ነጥብ የሚጥል ተማሪ ብዙ ነውና አስምሪበት።

ከሁሉ የምወደውን ልንገርሽ፤ ከእግራችን ሥር ያለውን ነው። የጅማን አፈር ያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ብዙው አፈራችን ደግሞ አሲዳም ነው። አፈሩ አሲዳም ሲሆን አሉሚኒየም ባለ ሦስት ፖዘቲቭ አዮን ሆኖ ይሟሟና የበቆሎውን ሥር ይጎዳል። ሶዲየም አዮን እንዲህ አያደርግም። ለምን? ሦስት ኤሌክትሮን ያጣው የአሉሚኒየም አዮን በጣም ትንሽ ነው፣ ሙሌቱ (ቻርጁ) ግን ትልቅ ነው፤ በዙሪያው ያለውን የውኃ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ ውኃው ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል፣ አሲድነቱም ይብሳል። ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ ሲበትን ካልሲየም ካርቦኔቱ ሃይድሮጅን አዮኑን ያጠፋል፣ አሉሚኒየሙም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። መጠንና ሙሌት ብለሽ የሸመደድሽው ነገር የአንድ ቤተሰብ የበቆሎ ምርት ነው።

ኤሌክትሮን በተወሰነ የኃይል ደረጃ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው የሚለውም ተረት እንዳይመስልሽ። በቡናሽ ውስጥ ያለው ካፌይን 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን በኮቫለንት ቦንድ የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲዘሉ 273 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣሉ። የአገራችን ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ የቴፒንና የቤንች ማጂን ጨምሮ የቡናዎቻችንን ካፌይን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2008 ፉድ ኬሚስትሪ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል፤ ያገኙት 1 በመቶ አካባቢ ነው።

እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምረሽ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሲመጣብሽ ኬሚስትሪው የከበደሽ ይመስልሻል። ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ቋንቋው ነው። መጀመሪያ ለጓደኛሽ አፍሽ በለመደው ቋንቋ አስረጃት፤ ካልቻልሽ ገና አልገባሽም። ከቻልሽ በኋላ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፊው።

አንድ ነገር ልጨምር። የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ የሚጀምረው በአቶም መዋቅር ነው፣ ቦንዲንግም ተከትሎ ይመጣል፤ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በማና የቡና ለቀማው የሚደርሰው በዚያው መንፈቅ ነው። ቤተሰብ ማገዝሽ አያሳፍርም፤ ግን ያመለጠሽን ክፍለ ጊዜ የጓደኛሽን ደብተር በመገልበጥ አትተኪው። ባዶ ወረቀት አውጪና የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች የኤሌክትሮን አደራደር ሳታዪ ጻፊ፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያነጻጸርሽ የትኛው የመጨረሻዋን ኤሌክትሮን አጥብቆ እንደያዘና ለምን እንደያዘ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሺ። ዛሬ ማታ በሶዲየምና በማግኒዥየም ጀምሪ፣ ያልገባሽን ምልክት አድርጊበትና አምጪልኝ።