ስለ አሮጌ ቮልስዋገን ዝገትና ስለ መከላከያው

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እስከ ዛሬ ከሚታዩት የጥንት አውቶሞቢሎች አንዱ በተለምዶ ቮልስ የሚባለው መኪና ነው። የዚህ መኪና የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ተሠርቶ ሥራው ቆሟል። ሞተሩ ቢደክም ይታደሳል፤ አካሉ በዝገት ካለቀ ግን ምትክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና፥ መለዋወጫና ቀለም ለሚነግዱ ሁሉ የዝገትን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል።

ዝገት የሚመጣው ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ዝገቱ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። እንግዲህ በቀለም ላይ ጥቂት እብጠት በታየ ጊዜ፥ ከሥሩ ያለው ጉዳት ከሚታየው እንደሚበልጥ መገመት ይገባል።

በቮልስ ላይ በመጀመሪያ የሚመረመሩት ስፍራዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፥ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል፤ የሚፈሰው አሲድ ቀለሙን አንሥቶ ብረቱን ይበላዋል።

ሁለተኛ፥ ከበሮቹ ግርጌ በግራና በቀኝ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያስተላልፈው ቦይ፤ ይህ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚዝግ ላዩን ሲያዩት ደኅና ይመስላል።

ሦስተኛ፥ ከፊት ኮፋኖ ሥር ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ፤ የኮፋኖው ዙሪያ ላስቲክ ካረጀ የክረምት ዝናብ ይጠራቀምበታል።

አጠጋገኑም እንደሚከተለው ነው። የላላው ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፋቃል። ብረቱ ከተበሳ ወይም ከሳሳ፥ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል እንጂ በስቱኮ አይደፈንም። ስቱኮ እርጥበት ስለሚስብ ዝገቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። በጥቃቅን ጉድጓዶች የቀረው ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት መድኃኒት ይቀባል፤ ሠራተኛውም ጓንትና መነጽር ማድረግ አለበት። መድኃኒቱ በመመሪያው መሠረት ታጥቦ በሚገባ ከደረቀ በኋላ፥ ሳይውል ሳያድር ፀረ ዝገት ቀለም፥ ቀጥሎም የላይኛው ቀለም ይቀባል።

ለመከላከል ደግሞ በበሮችና በወለል ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከጭቃ ይጠረጋሉ፤ ባዶ ቦዮችም ከደረቁ በኋላ ሰም ይረጭባቸዋል። በዝገት ወይም በእርጥብ ብረት ላይ ካትራሜ መቀባት ግን ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያድንም።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ነጋዴ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይያዝ። ማግኔቱ ብረት መሆን በሚገባው ስፍራ ላይ ካልያዘ፥ ከቀለሙ በታች ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። የሚሸጥም ነጋዴ የተጠገነውን ስፍራ ለገዢው አስቀድሞ ይንገር፤ በቀለም የተሸፈነ ዝገት ከጥቂት ክረምት በኋላ ስለሚገለጥ፥ ያን ጊዜ የሚጎድለው የደንበኛው እምነት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ እብጠቱ ትንሽ ሳለ የሚፋቅ ብረት ወጪው ጥቂት ነው።